ሜዳው ላይ ፔዳል፣ ጠርዙ ላይ ፍሬን

በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ በገበያ ቀን ከአንድ ግንብ ጥግ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ የሚቀመጥ ብስክሌት ጠጋኝ ወጣት አለ። ሱቅ የለውም። ጋራዡ ከሞላ ጎደል ከረጢቱ ላይ ያርፋል፦ ጎማ የሚያወልቅባቸው እጀታቸው የተጣመመ ሁለት ማንኪያዎች፣ አንድ ፒንሳ፣ ጥርሱ የተሸረፈ መፍቻ፣ አንድ ቱቦ ማስቲሽ፣ በመቀስ የተከረከሙ የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጮች፣ የእጅ መንፊያና አፉ ተቆርጦ ውሃ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን።

ባለፈው ስሄድ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጁ ብስክሌቷን ይገፋል። አባትየው በግ ሸጠው መመለሳቸው ነበር፤ ገንዘቡ ገና በጃቸው ነው። «የኋላ ጎማዋ ሊሾ ሆኗል፤ አዲስ ግጠምልን» አሉት። ወጣቱ መልስ ሳይሰጥ ብስክሌቷን ገልብጦ በኮርቻዋና በመሪዋ አቆማት። የፊቱን ጎማ በመዳፉ አሽከረከረና የፍሬኑን እጀታ ጨበጠ። እጀታው መሪው ድረስ ሄዶ ተጣበቀ፤ ጎማው ግን መዞሩን ቀጠለ።

«አያ፣ ጎማው ይህን ክረምት ይወጣል። ያለቀው ፍሬኑ ነው።»

«ሜዳ ለሜዳ ለሚሄድ ልጅ ፍሬን ምን ያደርግለታል?»

«ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው?»

«ከቁልቁለቱ ማዶ።»

ወጣቱ ክርክር አልገባም። ጣቱን የፍሬኑ ሸራ ላይ አሳረፈ። ላስቲኩ ተበልቶ አልቋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ቸርኬውን ሲፍቅ የከረመበት መስመር እንደ አዲስ ቢላ ያበራል። አባትየው ጎንበስ ብለው አዩት። የልጁ ዓይን ግን ከግንቡ ላይ የተንጠለጠለው አዲስ ጎማ ላይ ነበር።

ይህች አጭር ምልልስ ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣችም። ስለ ብስክሌት ስናወራ አፋችን የሚፈታው በማርሹ ብዛት፣ በቀለሙ፣ በስሪቱ ነው። ባለ 21 ማርሽ ናት፣ ማውንቴን ናት፣ ከዱባይ የመጣች ናት እንላለን። እንደ ደላንታ ባለ አገር ብስክሌት ቁም ነገር ላይ እንድትውል የሚያደርጓት ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሚይዝ ፍሬን፣ በቅርብ የሚገኝ ጠጋኝ፣ መንገዱ ላይ የትኛውን ዳር መያዝ እንዳለበት የሚያውቅ ነጂ። ሦስቱንም እንደ ተጨማሪ ነገር ስለምናያቸው ደጋው ያለ ብስክሌት ቀርቷል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። «ደጋ ለብስክሌት አይሆንም፤ ብስክሌት የባሕር ዳርና የሐዋሳ ናት» ይባላል። ወገል ጤና 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በከፍታዋ ከላሊበላም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ዳገት ላይ ሳንባ ይቃጠላል። ይህ እውነት ነው። የደላንታን መልክዓ ምድር በዓይኑ ያየ ሰው ግን ሌላም ነገር ያስተውላል። ደላንታ አምባ ነው። ከላይ እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ገደሉ ያለው ዳር ዳሩን ነው። በሰሜን የዥጣ፣ በደቡብ የበሽሎ ሸለቆ ቆርጦታል። ሜዳው ላይ ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከቤት ገበያ የሚደረገው ጉዞ ለብስክሌት የተፈጠረ ይመስላል። ከባድ የሚሆነው ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ነው። አስመራም ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ነው የብስክሌት ከተማ የሆነችው። ስለዚህ ከፍታው ብቻውን ሰበብ አይሆንም።

ጠርዙን የሚያውቅ ከእኛ በፊት ያለፈ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በጋሪ አስጭነው ወደ መቅደላ ሲጓዙ መንገዳቸው በዋድላና በደላንታ ነበር። ጋሪው የሚሄድበት ጥርጊያ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ ነው የተጓዙት፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ። መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። የእንግሊዝ ጦርም በስተኋላ ከሕንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ ሲመጣ ወደ ሸለቆዎቹ መውረጃ የሆነው ያው የቴዎድሮስ ጥርጊያ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው መድፉ ሳይሆን ከጋሪው ኋላ ሆኖ ገመድ የያዘው ሰው ነው። ዳገት ላይ 7 ቶን መጎተት ጉልበት ይፈጃል። ቁልቁለት ላይ ግን ጭነቱ በራሱ ይሄዳል፤ የሚያስፈልገው እንዳይሮጥ የሚይዘው ነው። በደላንታ መንኮራኩር የገጠመው የመጀመሪያው ፈተና የፍሬን ፈተና ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬም አልተለወጠም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከደላንታ አምባ እስከ በሽሎ ውሃ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ነጂውና ብስክሌቷ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 1 ሺህ ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት ወደ 780 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ነጂው እየያዘ ቀስ ብሎ ከወረደ ይህ ሁሉ ጉልበት በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ የሚቀየረውም አውራ ጣት በሚያክሉ አራት የላስቲክ ቁራጮችና በቀጭን ቸርኬ ላይ ነው። ከ2 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሁለት ጀበና ቡና በቸርኬ ላይ ማፍላት እንደማለት ነው። ላስቲኩ ሲግል ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል፤ ቸርኬው ሲግል ውስጥ ያለው አየር ያብጣል፤ አሮጌ ካላማዳሪ ከሆነ እዚያው ቁልቁለቱ መሐል ይፈነዳል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ፍሬንን ያለማቋረጥ እየጎተቱ ከመውረድ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ። በየመሐሉ ወርዶ ቸርኬውን በእጅ ጀርባ መዳሰስ። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ቁጭ ብሎ እስኪበርድ መጠበቅ።

ስለ ፍሬን ሌላው ነገር የፊት ፍሬን ነው። በአገራችን የፊት ፍሬን ስሙ ጠፍቷል። «ይገለብጣል» ይባልና ብዙ ልጅ ሽቦውን አስፈትቶ ይጥለዋል። የሚነዳውም በኋላ ፍሬን ብቻ፣ እሱም ሲያልቅ በጫማው ሶል ጎማውን እየረገጠ ነው። ፍሬን ሲያዝ ግን የነጂው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀላል፣ መሬቱን የሚቆነጥጠው የፊቱ ይሆናል። ብስክሌትን በአጭር ርቀት የሚያቆማት በአብዛኛው የፊት ፍሬን ነው። የሚገለብጠው በድንገት ሙሉ በሙሉ ሲያዝና ነጂው መሪው ላይ ሲደፋ ነው። ወገብን ወደ ኋላ ስቦ፣ ክንድን አጽንቶ፣ ሁለቱንም በልክ መያዝ በአንድ ከሰዓት ሜዳ ላይ የሚለመድ ነገር ነው። ለልጅ ብስክሌት የሚገዛ ወላጅ ያችን ከሰዓት አብሮ ቢገዛ ምኞቴ ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠመው የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይቀበልም፤ ላስቲኩ ውሃውን እስኪጠርገው ድረስ ጎማው ብዙ ዙር ሄዷል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በዚህ ይሻላል። ሁለቱን ለመለየት ማግኔት ይበቃል፤ ብረቱን ይይዛል፣ አሉሚኒየሙን አይይዝም። ገበያ ላይ ከቀለምና ከተለጣፊ ይልቅ ይህን ማየት ይገባል። ጭቃችንም ጭቃ ነው። ዋልካ መሬት ላይ ጥቂት እንደሄዱ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ታጭቆ ብስክሌቷን ቀጥ ያደርጋታል። ልምድ ያለው ነጂ ሰኔ ላይ ፓራፋንጎውን ፈትቶ ያስቀምጥና መስከረም ላይ መልሶ ይገጥመዋል።

ስለ ማርሽ ብዙ አልልም። 21 የሚባለው ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ጥርስ ተባዝቶ የተገኘ ቁጥር ነው፤ ብዙዎቹ እርስ በርስ የሚደራረቡ ስለሆኑ በእግር የሚለዩት ከዚያ በጣም ያንሳሉ። ማርሽ ቀያሪው የሚታጠፍና የሚሰበር ነገር ነው፤ ሲሰበርም ወገል ጤና ላይ መለዋወጫ የለውም። ሜዳው ላይ ለሚውል ሰው ባለ አንድ ማርሽ ሆና ከኋላ ትልቅ ጥርስ የተገጠመላት ብስክሌት ዕድሜዋ ይረዝማል። ዳገቱ ከመጣ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም።

ከዚህ በላይ መቆየት የምፈልገው ጠጋኙ ጋ ነው።

የጠጋኙን ቋንቋ ልብ ብሎ ለሰማ ሰው ከረጢቱ ላይ ታሪክ ተዘርግቷል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ራጂ፣ ካላማዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፓራፋንጎ፣ ማስቲሽ፣ ጎሚስታ፤ አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያኖቹ ከተባረሩ ከ80 ዓመት በላይ አለፈ፤ ቃላቱ ግን ከጋራዥ ጋራዥ፣ ከጌታው ወደ ረዳቱ በአፍ እየተላለፉ ደላንታ ድረስ ወጡ። ሙያውም የተላለፈው እንደዚያው በአፍና በዓይን ነው። ወጣቱን ማን እንዳስተማረው ጠይቄው ነበር፤ «ደሴ አጎቴ ጋ ተቀምጬ አየሁ» አለኝ። ማየቱ ነው ትምህርቱ። ይህ ያስደንቀኛል፤ ያሳስበኛልም። የሚያይበት አጎት የሌለው ልጅ ከየት ይማራል?

የጥገና ሥራውን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጎማዋ የተነፈሰች አንዲት ብስክሌት ነበረች። ማንኪያዎቹን በቸርኬውና በጎማው መካከል ሰክቶ ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ አወለቀ፤ ካላማዳሪውን እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣው። ትንሽ ነፋበትና ጀሪካኑ ውስጥ እየነከረ አዟዟረው። አንድ ቦታ ላይ የአረፋ ክር ብቅ አለ። ቦታውን በጥፍሩ ያዘ፣ አደረቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ማስቲሹን በስሱ ቀባና ሥራውን ትቶ ከጎረቤቱ ጋር ወሬ ጀመረ። የብስክሌቷ ባለቤት «ለጥፈው እንጂ!» ብሎ ተቆጣ። ጠጋኙ ፈገግ ብሎ የጣቱን ጀርባ ማስቲሹ ላይ አሳረፈ፤ ጣቱ ላይ አልተጣበቀም። ያን ጊዜ ነው ቁራጩን ያስቀመጠውና በማንኪያው ጀርባ ደጋግሞ የጫነው። የሚላቀቅ ልጣፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ ነው። ከዚያም ካላማዳሪውን ከመመለሱ በፊት ጣቱን ቀስ አድርጎ በጎማው ውስጠኛ ጎን ዙሪያውን አስኬደ። የቀጋ እሾህ ነበር፤ ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ የወጣ። ያን እሾህ ሳይፈልግ የገጠመ ሰው ከገበያው ሳይወጣ እንደገና ይተነፍስበታል።

ይህን ሁሉ ያደረገው በትንሽ ብር ነው። ሰዓቱ ቢታሰብ ከቀን ሠራተኛ ክፍያ በታች ነው። የደላንታ ወጣት የተሻለ ቀን የሚመኝበት ሌላ ሥራ አለው፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የወገል ጤናን ስም ዓለም ገበያ ድረስ ያደረሰው ኦፓል ከገደሉ ጎን ይቆፈራል። አንድ ጥሩ ድንጋይ የጠጋኙን የዓመት ገቢ በአንድ ቀን ሊያስንቅ ይችላል። ታዲያ ከረጢት አንጥፎ ለመቀመጥ ምን ይይዘዋል? በቂ ብስክሌት ከሌለ ጠጋኝ አይኖርም፤ ጠጋኝ ከሌለ ደግሞ ብስክሌት የገዛ ሰው አንድ ጊዜ ሲተነፍስበት ጣሪያ ሥር ያስቀምጣታል። በየቤቱ እንቁላል የሚጣልባት፣ ልብስ የሚሰጣባት ብስክሌት አላየሁም አይባልም። የተበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ የኩሽኔታ ኳስ ነው፣ የፍሬን ሽቦ ነው፣ አንድ ዳዶ ነው። ግን ያ ዳዶ ደሴ ነው ያለው፤ ወይም መርካቶ።

ባሕር ዳርን የብስክሌት ከተማ ያደረጋት የጣና ዳር ሜዳ ብቻ አልነበረም። በየመንገዱ ጥግ ከዛፍ ሥር የሚቀመጠው ጠጋኝ ነበር፤ ተማሪው ተነፈሰብኝ ብሎ ሳይጨነቅ የሚነዳው እሱን ተማምኖ ነው። ባጃጅ ቦታዋን ሲሻማት ብስክሌት በባሕር ዳር ፈጽማ ያልጠፋችውም በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። ለአፍሪካ ገጠር ተብሎ የተሠራው «ቡፋሎ» የሚባለው ብስክሌትም መነሻ ሐሳቡ ይኸው ነው። ማርሽ ቀያሪ የለውም፤ ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ፣ ከኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የተሸሸገ ስለሆነ ዝናብና ጭቃ አይነካውም፤ 100 ኪሎ ጭነት ይችላል። የሚያሠራው ድርጅት ብስክሌት ሲያድል ጎን ለጎን የገጠር ጠጋኞችን ያሠለጥናል። ዛምቢያ ውስጥ ለትምህርት ቤት ልጃገረዶች ተሰጥቶ በተደረገ ጥናት የጉዞ ሰዓታቸው በሲሶ ያህል ቀንሷል፣ ከትምህርት መቅረታቸውም ከሩብ በላይ ወርዷል።

ልጃገረዶችን ካነሳሁ አይቀር፣ በእኛ አካባቢ ብስክሌት ስትነዳ የምትታይ ሴት ልጅ ዛሬም ዓይን ይበዛባታል። «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ አትወጣም» የሚለው ነገር በግልጽም በሹክሹክታም አለ። ውሃ የምትቀዳው፣ እህል ወፍጮ ቤት የምታደርሰው፣ ሰዓቷ በመንገድ የሚያልቀው ግን እሷ ናት። ብስክሌት ከቤት ብትገባ ማን ነው ይበልጥ የሚጠቀምባት ብሎ የሚጠይቅ አባት እሷን ቢያስቀድም ትክክል ነው።

ወደ መንገድ ሕጉ እንምጣ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የሚመጣውም ከክፋት ሳይሆን ከትምህርት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት «እግረኛ ግራውን ይዞ ይጓዛል» ተብለው ይማራሉ። ትክክል ነው፤ በአገራችን ተሽከርካሪ ከሰኔ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ግራውን የያዘ እግረኛ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያያል። ልጁ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ያንኑ ትምህርት ይዞ ይወጣል፤ ግራውን ይዞ፣ ከሚመጣው መኪና ጋር ፊት ለፊት ይነዳል። ብስክሌትን እየገፋ የሚሄድ ሰው እግረኛ ነው። ኮርቻዋ ላይ የወጣ ግን ተሽከርካሪ ነጂ ሆኗል፤ ቦታው የመንገዱ ቀኝ ዳር ነው።

ልዩነቱ ስንት ነው? ልጁ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ አይሱዙው 60 ይሄዳሉ እንበል። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ የሚታየው 60 ሜትር ብቻ ነው። ልጁ በተሳሳተው ዳር ከሆነ የሚቀራረቡት በ80 ነው፤ 60 ሜትሩ 3 ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። በትክክለኛው ዳር ከሆነ አይሱዙው ከኋላ የሚደርስበት በ40 ልዩነት ነው፤ ሾፌሩ ከ5 ሰከንድ በላይ ያገኛል፤ በዚያ ላይ ፍጥነቱን ወደ ልጁ ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ከኋላው መከተል ይችላል። ፊት ለፊት ከሆኑ ግን ሾፌሩ ቢቆም እንኳ ልጁ ራሱ መጥቶ ይገባበታል። ከጋሸና በኮን በኩል ወደ ወገል ጤና የሚመጣውን ጠመዝማዛ፣ ወይም ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩትን የወልድያ ወረታ መንገድ የሚያውቅ ሰው እነዚያ ሰከንዶች ምን ማለት እንደሆኑ ይገባዋል።

መብራትም እንደዚሁ ነው። ደላንታ ላይ ጉም በቀትርም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ለብስክሌት የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ የሚሠራ ፍሬን፣ በበቂ ርቀት የሚሰማ ደወል፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ፣ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት። የቀለሙ ነገር ትርጉም አለው። ሾፌር በጨለማ ውስጥ ነጭ ብርሃን ሲያይ ወደ እኔ የሚመጣ ነው ብሎ፣ ቀይ ሲያይ ከፊቴ የሚሄድ ነው ብሎ ነው ውሳኔ የሚሰጠው። ነጭ የእጅ ባትሪ ከጀርባው አሥሮ የሚነዳ ልጅ ሳያውቅ ሾፌሩን እያሳሳተ ነው። የባትሪውን መስታወት በቀይ የፌስታል ቁራጭ መሸፈን ምንም ወጪ የለውም። የአይሱዙ ሳንቃ ጨብጦ ዳገት ስለመውጣት ግን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያየ ሁሉ ሊያስቆመው ይገባል፤ ረዳቱም፣ አላፊውም።

ሕግ የሚባለው ደግሞ ለነጂው ብቻ አይደለም። ብስክሌተኛ ሲያልፉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ፣ ጉም ውስጥ ክላክስ አስደንጋጭ አድርጎ ከጎን አለመንፋት፣ ጠጠር መንገድ ላይ ፍጥነት ቀንሶ ማለፍ የሾፌር ግዴታ ተደርጎ ሊታይ ይገባል። ጠጠር በአይሱዙ ጎማ ሲፈናጠር ምን እንደሚያደርግ ብስክሌት ላይ ሆኖ የቀመሰው ያውቀዋል። ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለን። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በብስክሌት የሚያቋርጡ የውጭ አገር ሰዎች ለዓመታት በኢትዮጵያ አልፈዋል፤ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተዋል፤ ስለ አገራችን ሲጽፉ ከተራራው ውበት ቀጥሎ የሚያነሱት ልጆች የወረወሩባቸውን ድንጋይ ነው። እንግዳ ተቀባይ ነን ለምንል ሰዎች ይህ ያማል። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ከለላ የለውም። ልጁ ድንጋይ የሚወረውረው ብስክሌተኛውን እንደ አባቱ፣ እንደ አስተማሪው ያለ መንገደኛ አድርጎ ስለማያየው ነው። አስተማሪው፣ መምሬው፣ የጤና ባለሙያዋ በብስክሌት ሲመላለሱ እያየ ያደገ ልጅ እጁ ወደ ድንጋይ አይሄድም ብዬ አስባለሁ።

አገሪቱ ስለ ብስክሌት አላሰበችም ማለት አይቻልም። በኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር የሄዱት እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ከአበበ ቢቂላ ሮም አራት ዓመት ቀድመው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2011 አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለእግረኛና ለብስክሌት የሚለቀቁበት ቀን ተጀመረ፤ በ2012 የትራንስፖርት ሚኒስቴር የአሥር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አደረገ፤ ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በዋና ከተማዋ የብስክሌት መስመር ዘርግቷል። እነዚህን አደንቃለሁ። ነገር ግን ሁሉም ከአስፋልቱ ይጀምራሉ። መስመር የተቀባለት ከተማ ነዋሪ አማራጭ አለው፤ አውቶቡስም፣ ታክሲም፣ ባቡርም። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ባዳረሰ ጊዜ መኪና ሲቆም፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ መድኃኒት ፍለጋ በእግሩ የተጓዘው የደጋ ሰው ነው ብስክሌት ከማንም በላይ የምታስፈልገው። ለእሱ የሚሆነው መነሻ ከረጢቱ ላይ ነው። በየወረዳው የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ የመኪና ጥገና ከሚማሩት ጎን አንድ የብስክሌት ወንበር ይቀመጥ። ሠልጥኖ የሚወጣው ልጅ መፍቻና የፍሬን ሸራ፣ የኩሽኔታ ኳስና የፍሬን ሽቦ የያዘ አንድ ሣጥን ይዞ ይውጣ። ሣጥኑ ሲጎድል የሚሞላበት አንድ ሱቅ ደሴ ላይ፣ አንድ ወልድያ ላይ ይታወቅ። የትራፊክ ፖሊሱም በዓመት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሄዶ ስለ ቀኝና ግራ ያስተምር። ይህ ሁሉ አንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ለማንጠፍ የሚወጣውን ገንዘብ አይጠይቅም።

የዚያን ቀን አባትየው ብዙ ካሰቡ በኋላ የበጉን ገንዘብ ከኪሳቸው አውጥተው ቆጠሩ። «እሺ፣ ፍሬኑን ሥራው» አሉ። ጠጋኙ አራት የፍሬን ሸራ ከአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣ፤ ያሉት እነሱ ብቻ ነበሩ። አሮጌዎቹን ፈትቶ አዲሶቹን ገጠመ፤ ቸርኬውን እንጂ ጎማውን እንዳይነኩ አንድ በአንድ አስተካከለ። ሽቦውን በፒንሳ ስቦ ዳዶውን አጠበቀ። ጎማውን አሽከረከረና እጀታውን ያዘ፤ ጎማው ቀጥ አለ። ልጁን ጠርቶ እሱም እንዲሞክረው አደረገ። ልጁ ሦስት ጊዜ አሽከርክሮ ሦስት ጊዜ አቆማት። ከአዲሱ ጎማ ላይ ዓይኑን ያነሳው ያን ጊዜ ነው።

ገበያው በሕዝብና በአህያ ተሞልቶ ስለነበር እስከ ከተማው ዳር ድረስ ልጁ ብስክሌቷን ገፋት፤ ከአባቱ ጎን፣ በመንገዱ ግራ። ጠጋኙ ከከረጢቱ ላይ ሆኖ በዓይኑ ይከተለው ነበር። ልጁ ሕዝቡ ከሚሳሳበት ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ኮርቻዋ ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን አነሳ። «ቀኝ!» ብሎ ጮኸ ጠጋኙ። ልጁ ዞር ብሎ አየው። እግሩን አወረደ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ፣ ብስክሌቷን ገፍቶ ወደ ማዶው ዳር ተሻገረና ወጣባት።